የተመረጠ ምስል እውነት ነውን?

የጥንድ ከዋክብት ፎቶግራፍና የምርጫ ሥነ ምግባር

የሰው ልጅ ያየውን ሁሉ አይናገርም። የሚናገረውም ካየው ውስጥ የመረጠውን ነው። ታሪክ ጸሐፊው ከዘመናት ድርጊት፣ ደራሲው ከሰዎች አንደበት፣ ሠዓሊው ከብርሃንና ከጥላ፣ ዘገባ አቅራቢው ከዓመቱ ውጣ ውረድ ጥቂቱን አንሥቶ ብዙውን ይተዋል። ጸሐፌ ተውኔት የአንድን ሰው የሠላሳ ዓመት ኑሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረክ ላይ ሲያሳይ፣ ከዚያ ኑሮ አብዛኛውን ከመጋረጃው ጀርባ ትቶት ነው። እንግዲህ አቢዩ ጥያቄ ይህ ነው፦ መምረጥ በራሱ ማጭበርበር ነውን? ካልሆነስ ምርጫ ወደ ማጭበርበር የሚሸጋገርበት ወሰን የቱ ላይ ነው?

ጥያቄው በኪነ ጥበብ ዙሪያ ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጫፎች መካከል ይወጠራል። አንደኛው ወገን “ኪነ ጥበብ ሁሉ ምርጫ ነው፤ ስለዚህ ማንም ማንንም በሐሰት ሊከስ አይችልም” ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ “ሕይወትን እንዳለች ያላቀረበ ሁሉ ዋሽቷል” ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም አቋሞች ለባለቤቶቻቸው ምቹ ናቸው። የመጀመሪያው ከኃላፊነት ነጻ ያወጣል፤ ሁለተኛው ከሥራ ነጻ ያወጣል። ስለዚህ ጉዳዩን ከጥቅማችንና ከስሜታችን ራቅ አድርገን ቀዝቀዝ ባለ ሥፍራ ልንመረምረው ይገባል። ለዚህም ከሰማይ የራቀ ሥፍራ አይገኝምና፣ በትንንሽ ቴሌስኮፖች ጥንድ ከዋክብትን ፎቶግራፍ የሚያነሡ አማተሮችን ሥራ ለምሳሌነት አቀርባለሁ። ሥራው ትርፍ የሌለውና ከጭብጨባ የራቀ ነው። የያዝነው ጥያቄ ግን ከነሙሉ ክብደቱ በውስጡ ይገኛል።

*

ጥንድ ኮከብ የሚባለው ለዓይን አንድ መስሎ ሲታይ በቴሌስኮፕ ግን ሁለት ሆኖ የሚገኝ ኮከብ ነው። ጥንዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በስበት ኃይል ተሳስረው አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚሽከረከሩ እውነተኛ ጥንዶች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ግን አንዱ ቅርብ፣ ሌላው እጅግ ሩቅ ሆኖ ሳለ፣ ከምድር ሲታዩ በአንድ የእይታ መስመር ላይ በመዋላቸው ብቻ ጎረቤታሞች የሚመስሉ ናቸው። በአንድ ሌሊት በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ሁለቱ ዓይነቶች አይለዩም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከጥንድ ከዋክብት ሁሉ ዝነኛው በታላቁ ድብ ጅራት መካከል ላይ የሚገኘው ሚዛር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በአጠገቡ አልኮር የተባለ ደብዘዝ ያለ ኮከብ አለ። ዐረቦች ይህንን ኮከብ ሱሃ ብለው የዓይን ጥራት መፈተኛ አድርገውት ነበር። “እኔ ሱሃን ሳሳያት እርሷ ጨረቃን ታሳየኛለች” የሚል ምሳሌያዊ አነጋገርም አላቸው። ረቂቁን ነገር ላመለከተው ሰው፣ ማንም የሚያየውን ግልጽ ነገር መልሶ ለሚያሳይ የተነገረ ነው። በ1617 ጋሊሌዮ፣ በደቀ መዝሙሩ በቤኔዴቶ ካስቴሊ ጠቋሚነት ቴሌስኮፑን ወደ ሚዛር ቢያዞር፣ አልኮርን ሳይጨምር ሚዛር ራሱ ሁለት ሆኖ አገኘው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 14 የቅስት ሴኮንድ ያህል ነው። አንድ የቅስት ሴኮንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ሲሆን፣ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ነገር በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆና ስትታይ የምትይዘውን ቦታ ያህል ነው።

ካሜራ ወደ ከዋክብት ለመዞር ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ፈጅቷል። በ1850 በአሜሪካ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ጆን አዳምስ ዊፕል የተባለው ፎቶግራፍ አንሺና የጣቢያው ኃላፊ ዊልያም ቦንድ፣ ቬጋ የተባለችውን ደማቅ ኮከብ ለ100 ሴኮንድ ያህል ብርሃኗን አስገብተው በብር በተለበጠ ሰሌዳ ላይ ቀረጿት። ኤፕሪል 27 ቀን 1857 ደግሞ የዊልያም ልጅ ጆርጅ ቦንድ በዚያው ጣቢያ ሚዛርን ከነአልኮር በመስተዋት ሰሌዳ ላይ አነሣ። ይህም የመጀመሪያው የጥንድ ኮከብ ፎቶግራፍ ነው። ቦንድ ምስሉን በማየት ብቻ አልረካም። በሰሌዳው ላይ የሁለቱን ከዋክብት ርቀት ለካ፤ ውጤቱም በዓይን ከተለካው ጋር የሚስማማ ሆነ። ፎቶግራፍ ከመታሰቢያነት አልፎ ለምስክርነት የቀረበው በዚህ ዓይነት ነው።

የሚዛር ነገር ግን በዚህ አላበቃም። በ1889 እዚያው ሃርቫርድ ኤድዋርድ ፒከሪንግ ከሁለቱ ደመቅ ያለው ኮከብ ራሱ ሁለት መሆኑን አስታወቀ። ማስረጃው የኮከቡ የኅብረ ቀለም ፎቶግራፎች ነበሩ። በአንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ነጠላ ሆኖ የሚታየው ጥቁር መስመር በሌላው ሰሌዳ ላይ ተሰንጥቆ ይታይ ነበር። ሁለቱ ከዋክብት በ20 ቀን ተኩል ገደማ አንዱ በሌላው ዙሪያ ሲሽከረከሩ፣ አንዱ ወደኛ ሲመጣ ሌላው ከኛ ሲርቅ የሚፈጠር መሰንጠቅ ነው። በ1908 ሁለተኛውም የሚዛር አካል ጥንድ መሆኑ ታወቀ። በ2009 ደግሞ አልኮር ራሱ ደብዛዛ ጓደኛ እንዳለው ተገለጸ። ለእረኛው ዓይን አንድ ወይም ሁለት የነበረው ነገር ዛሬ ስድስት ኮከብ ሆኗል።

ታዲያ “አንድ ነው” ያለው እረኛ ዋሽቷልን? አልዋሸም። “ሁለት ነው” ያለው ጋሊሌዮስ? እርሱም አልዋሸም። እያንዳንዱ በያዘው መሣሪያ ልክ እውነት ተናግሯል። ሐሰት የሚሆነው ማንኛቸውም ቢሆኑ “ከዚህ በላይ የለም” ብለው ቢሆን ኖሮ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ እውነተኛ ምስክር ያየውን ብቻ ሳይሆን እስከ የት ማየት እንደሚችልም ይናገራል።

*

አሁን ወደ አማተሩ እንምጣ። አማተሩ የሚጠቀምበት ቴሌስኮፕ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ ወይም መስተዋት ነው። በዚህ መሣሪያ የሚገጥሙት ባላጋራዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ብርሃን ራሱ ነው። ብርሃን በክብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚሰራጭ፣ ነጥብ የሆነው ኮከብ በቴሌስኮፕ ውስጥ ነጥብ ሆኖ አይታይም። በቀጫጭን ቀለበቶች የተከበበች ትንሽ ክብ ሆኖ ይታያል። የእንግሊዙ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ በ1835 ይህንን በስሌት አስረዳ። የክቧ ስፋት የኮከቡ ስፋት አይደለም፤ የመሣሪያው ጠባይ ነው። ቴሌስኮፑ ባነሰ ቁጥር ክቧ ትሰፋለች። ዊልያም ራተር ዶስ የተባለው ተመልካች በተግባር እንዳረጋገጠው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ እኩል ብርሃን ያላቸውን ሁለት ከዋክብት ለመለየት በመካከላቸው 1.16 የቅስት ሴኮንድ ያህል ርቀት ይፈልጋል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ግማሹ ርቀት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ተመልካቹ “ይህች ኮከብ ይህን ያህል ሰፊ ናት” ሲል የሚናገረው ስለ ራሱ ቀዳዳ ጥበት ነው። ጠባብ መሣሪያ የራሱን ጥበት የነገሩ መልክ አድርጎ ያያል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያየውም ሁለቱ አንድ ስለሆኑ አይደለም፤ እርሱ ሊለያቸው ስላልቻለ ነው። “እነዚያ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው” የሚል ሰው በገጠመን ቁጥር ይህች ክብ ትዝ ልትለን ይገባል።

ሁለተኛው ባላጋራ ከባቢ አየር ነው። ሙቀቱና ጥግግቱ እየተለዋወጠ የሚፈሰው አየር የኮከቡን ብርሃን ያንቀጠቅጠዋል፤ ይበታትነዋል። በዚህም ምክንያት ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን አስገብቶ የተነሣ ፎቶግራፍ ሁለቱን ከዋክብት አደባልቆ አንድ የጥጥ ባዘቶ አስመስሎ ያስቀራቸዋል። አማተሩ ይህንን የሚያሸንፈው በብልሃት ነው። አንድ ረዥም ፎቶግራፍ በማንሣት ፈንታ፣ ፈጣን ካሜራ ደቅኖ እያንዳንዱ የሴኮንድ መቶኛ ያህል ብቻ የሚቆይ በሺሕ የሚቆጠር ምስል ያነሣል። ከነዚህ መካከል አየሩ ለቅጽበት ረጋ ባለበት ጊዜ የተነሡ ጥቂት ጥርት ያሉ ምስሎች ይገኛሉ። በኮምፒዩተር እነዚህን ለይቶ፣ አንዱን በሌላው ላይ አስተካክሎ ደራርቦ አንድ ምስል ያወጣል። እንዲህ ያለ ዕድለኛ ቅጽበት ምን ያህል ጊዜ እንደሚገኝ ዴቪድ ፍሪድ በ1978 በስሌት አሳይቶ ነበር። አማተሩ ካነሣው ከመቶ አምስቱን ወይም አሥሩን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ቢጥል የተለመደ ነው።

እንግዲህ ክሱ እዚህ ላይ ይነሣል። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ምስል “አንድ ጭጋግ” ሲል፣ አምስቱ “ሁለት ኮከብ” ይላሉ። ሰውዬው ዘጠና አምስቱን ምስክሮች አባርሮ አምስቱን ሰማ። ይህ ፍርድ ነውን? በፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ ዳኛው አይነቀፍም ነበርን?

*

መልሱ የሚገኘው ምርጫው በምን መለኪያ ተደረገ ከሚለው ላይ ነው። አማተሩ ምስሎቹን የሚመርጠው በጥራታቸው ነው እንጂ ሁለት ኮከብ በማሳየታቸው አይደለም። ኮከቡ ነጠላ ቢሆን ኖሮ ያው መለኪያ ጥርት ያለች አንዲት ክብ ያወጣ ነበር። መለኪያው ከመልሱ ነጻ ነው። “ጥርት ያሉትን ስጡኝ” ማለትና “እኔ የምፈልገውን የሚናገሩትን ስጡኝ” ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ምንም እንኳ ሁለቱም ከመቶ አምስቱን ቢያስቀሩ። ማጭበርበር የሚለካው በተጣለው ብዛት አይደለም። ከመቶው ዘጠና አምስቱን ጥሎ እውነተኛ መሆን ይቻላል፤ ከመቶው አንዱን ብቻ ጥሎ ሐሰተኛ መሆንም ይቻላል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያልቅም። ከላይ የጠቀስናቸውን የፒከሪንግን ሰሌዳዎች እናስታውስ። እዚያም አንዳንዱ ሰሌዳ “አንድ መስመር” ሲል ሌላው “ሁለት መስመር” ይል ነበር። ፒከሪንግ እንደ ዛሬው አማተር “ጥርት ያለውን ልምረጥ” ብሎ የተሰነጠቁትን፣ ወይም ያልተሰነጠቁትን አውጥቶ ቢጥል ኖሮ እውነቱን አብሮ በጣለው ነበር። እውነቱ የነበረው በመለዋወጡ ውስጥ ነውና። በአንዱ ሥፍራ መለዋወጥ ጉድፍ ነው፤ በሌላው ሥፍራ መለዋወጥ ራሱ መልእክት ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? በመጀመሪያው የሚለዋወጠው አየሩ ነው። በሁለተኛው የሚለዋወጠው ኮከቡ ነው።

ከዚህ ሁለተኛው ሕግ ይወጣል፦ መለዋወጥን የሚጥል ሰው የሚለዋወጠው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሕጉ ለመምህራን ሩቅ አይደለም። አንድ ተማሪ በአንዱ ወር በርትቶ በሌላው ወር ደክሞ ቢገኝ፣ ደካማውን ውጤት “አየሩ ነው” ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ቤት ውስጥ በሽታ ወይም ረኃብ ገብቶ ይሆናልና። ነገር ግን ድካሙ በየጊዜው እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ፣ በልጁ ሕይወት ውስጥ የማይታይ ሌላ ኮከብ ይኖራል ማለት ነው። ብርቱውን ወር ብቻ መርጦ “ጎበዝ ነው” ያለ መምህርም፣ ደካማውን ብቻ መርጦ “ሰነፍ ነው” ያለ መምህርም ልጁን አላየውም።

የተጣለውም ቢሆን ከንቱ አይደለም። ፈረንሳዊው አንቷን ላቤሪ በ1970 እንዳሳየው፣ በአየር የተበታተኑት የአጭር ቅጽበት ምስሎች በአግባቡ ቢመረመሩ በውስጣቸው የጥንዱን ርቀትና አቅጣጫ ይዘዋል። ሌሎች እንደ ፍርስራሽ የቆጠሩትን እርሱ መዝገብ አድርጎ አነበበው። ያ ጭጋጋም ምስል ስለ ኮከቡ በግልጽ ባይናገር ስለ አየሩ እውነት ይናገራል። እንግዲያው ሐሰተኛ ምስል የሚባል ነገር የለም ለማለት ያስደፍራል፤ ሐሰተኛ የሚሆነው ከምስሉ ሥር የምንጽፈው ቃል ነው። ጠንቃቃው አማተር ስንት ምስል አንሥቶ ስንቱን እንዳስቀረ የሚጽፈው፣ የጣላቸውንም ጥሬ ምስሎች የሚያስቀምጠው ስለዚህ ነው። የተጣለው ነገር ለይግባኝ መኖር አለበት።

*

ከምርጫ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ምኞት ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ደብዛዛውን ምስል እያሾሉ ያጠሩታል። ከልክ ካለፉ ግን ያልነበረ ቀለበት፣ ያልነበረ ጉብታ ይወልዳሉ። በኮከቡ ዙሪያ ካለው ቀለበት ላይ አንዲት ቁራጭ ደምቃ “እኔ ጓደኛው ነኝ” ትላለች። ተመልካቹም ጥንድ ፈልጎ ሌሊቱን በብርድ የተቀመጠ ሰው ነውና ሊያምናት ይቸኩላል።

በዚህ የተሰናከሉት አማተሮች ብቻ አይደሉም። 70 ኦፊዩኪ የተባለው ጥንድ ኮከብ በ88 ዓመት ገደማ አንድ ዙር የሚጨርስ ነው። በ1855 ካፒቴን ጄኮብ በማድራስ፣ በ1896 ደግሞ አሜሪካዊው ቶማስ ጄፈርሰን ጃክሰን ሲ በዚህ ጥንድ ዙሪያ ሌላ የማይታይ አካል አለ ብለው ነበር። በ1899 ፎረስት ሬይ ሞልተን ሲ የገመተው ምህዋር ሊጸና የማይችል መሆኑን በስሌት አሳየ። መለኪያዎቹ ውስጥ የነበረው ጥቃቅን ግድፈት በምኞት ዓይን ሲታይ አካል ነሥቶ ነበር።

ታዲያ ምኞትን ከእውነት የሚለይ መፈተኛ ምንድን ነው? አማተሮቹ ሁለት ቀላል ዘዴዎች አሏቸው። አንደኛው በአቅራቢያው ያለን ነጠላ ኮከብ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው መሣሪያና በዚያው አሠራር ማንሣት ነው። ነጠላው ኮከብም ጓደኛ ካወጣ፣ ጓደኛው የመሣሪያው ነው። ሁለተኛው ዘዴ ካሜራውንና ቴሌስኮፑን በራሱ ዘንግ ላይ ማዞር ነው። እውነተኛው ጓደኛ በሰማይ ላይ ያለውን ቦታ አይለቅም። ሐሰተኛው ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይዞራል።

ለእኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ትምህርት ይህ ነው፦ ራስህን አዙር፤ አብሮህ የዞረው ያንተ ነው፤ ባለበት የቀረው የነገሩ ነው። ደራሲ የፈጠረውን ባለጋራ ገጸ ባሕርይ ከሌላ አቅጣጫ ሊመለከተው ይሞክር። በጠላቱ እናት ዓይን፣ በባለዕዳው ዓይን፣ በጎረቤቱ ዓይን ይየው። የገጸ ባሕርይው ክፋት ደራሲው በዞረ ቁጥር አብሮ የሚዞር ከሆነ፣ ያ ክፋት የደራሲው ቂም ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዩት ባለበት የሚቆም ከሆነ ግን ደራሲው በእርግጥ አንድ ነገር አይቷል። ግምገማ የሚጽፍ፣ ስለ ሰው የሚመሰክር፣ ስለ መንደርና ስለ ሕዝብ የሚዘግብ ሁሉ ከዚህ ፈተና ሊሸሽ አይገባም።

*

ሌላም የፍትሕ ጥያቄ አለ። ሲሪየስ በሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ደማቋ ናት። በ1844 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሰል የሲሪየስ ጉዞ ቀጥ ያለ ሳይሆን እየተወላገደ መሆኑን አስተውሎ፣ የማይታይ ጓደኛ እየሳባት ነው አለ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1862 አልቫን ግራሃም ክላርክ 47 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ሌንስ ሲፈትን ጓደኛውን በዓይኑ አየው። ይህ ጓደኛ ከሲሪየስ በብርሃን ወደ 10000 እጥፍ ገደማ ያንሳል። ክብደቱ ግን ከፀሐያችን ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ያ ሁሉ ክብደት ምድርን በሚያህል አካል ውስጥ ተጨምቆ ይገኛል። በ50 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በመካከላቸው ያለው ርቀት ከፍተኛው ላይ ደርሶ 11 የቅስት ሴኮንድ ያህል ስለሆነ፣ ለአማተር ካሜራ የተመቸ ጊዜ ነው። በተለይ ለእኛ አገር ተመልካች መልካም ዕድል አለ። ሲሪየስ በለንደን ሰማይ ከ22 ዲግሪ አትበልጥም፤ በአዲስ አበባ ግን 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል ብርሃኗ የሚያልፍበት አየር ስስ ነው።

ችግሩ ካሜራው ለሁለቱ እኩል ሊፈርድ አለመቻሉ ነው። ለደማቋ የሚበቃ ብርሃን ብቻ ሲገባ ደብዛዛው ጨርሶ አይኖርም። ለደብዛዛው እስኪበቃ ሲጠበቅ ደግሞ ደማቋ ፈንድታ አካባቢውን ሁሉ ታጥለቀልቃለች፤ ደብዛዛውን ትውጠዋለች። አንዳንዶች ሁለቱን ለየብቻ በተለያየ ጊዜ መጠን አንሥተው በአንድ ምስል ላይ ያቀርቧቸዋል። ይህ ሐሰት ነውን? ሁለቱም ተስተካክለው በሚታዩበት ምስል ሥር ያለ ማብራሪያ “ሲሪየስ እንዲህ ናት” ብሎ መጻፍ፣ አዎን፣ ሐሰት ነው። ደማቋን ብቻ አሳይቶ “ሲሪየስ አንድ ናት” ማለት ግን ከዚያ የባሰ ሐሰት ነው። ይህኛው ሐሰት የሚታለፈው የማንም እጅ ያልገባበት፣ ካሜራው በራሱ ያወጣው ምስል ስለሚመስል ነው። ሰነፍ ዓይን ዘወትር ለደማቁ ያደላል፤ አድልዎውንም ተፈጥሮ ነው ይለዋል። የደማቋን መንገድ ያወላገደው ግን ያ የማይታየው ነው። ደብዛዛው እንዲታይ መድከም ጥበብ ነው። የደከምነውን ድካም አለመደበቅ ደግሞ ሐቀኝነት ነው።

*

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳቆየነው ነጥብ እንመለስ። ምስሉ ሁለት መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላም ዝምድናቸውን አይናገርም። አልቢሬዮ የተባለው በበጋ ሌሊቶች በሰሜኑ ዓለም የሚደነቅ ጥንድ፣ አንዱ ወርቃማ ሌላው ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው 35 የቅስት ሴኮንድ ያህል አለ። ለዘመናት ተመልካቾች እንደ ሙሽሮች ሲያዩአቸው ኖረዋል። በ2013 ወደ ጠፈር የተላከችው ጋያ የተባለች የአውሮጳ መንኰራኩር ያደረገችው፣ በ2018 የወጣው መለኪያ ግን ሁለቱ በሰማይ ላይ የሚጓዙበት ሁኔታ እንደማይመሳሰል ስላሳየ፣ ብዙ ተመራማሪዎች በመካከላቸው ዝምድና የለም ወደሚለው አዘንብለዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው ጥንድ ምናልባት ጥንድ አይደለም።

የቅኔ ተማሪ ይህንን ችግር ያውቀዋል። በቋንቋችን “ሣለ” ሲባል ጆሮ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። ሥዕል የሠራም፣ ቢላዋ ያሾለም፣ ጉንፋን ይዞት ያሳለውም በዚያች ድምፅ ውስጥ አሉ። ኅብረ ቃልን መለየት ማለት አንድ መስሎ የተሰማውን ነገር ሁለት አድርጎ መስማት ነው። ሆኖም ሁለት ትርጉም በተገኘበት ሁሉ ቅኔ አለ ማለት አይደለም። ቃላቱ በአጋጣሚ በአንድ መስመር ላይ ውለው ይሆናል። እውነተኛው ሰምና ወርቅ እርስ በርሱ የሚሳሳብ ነው፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይከተላል። ሰሙን ብታነሣው ወርቁ የማይናወጥ ከሆነ፣ ያገኘኸው የእይታ መስመር እንጂ ዝምድና አይደለም።

ዝምድናን የሚያረጋግጠው ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሚቸል በ1767 ይህን ያህል ብዙ ከዋክብት በአጋጣሚ ብቻ ተጠጋግተው ሊታዩ አይችሉም ብሎ በስሌት ተከራክሮ ነበር። ዊልያም ሄርሼል ግን ጥንዶቹን የተመለከተው ለሌላ ዓላማ ነበር፤ የከዋክብትን ርቀት ለመለካት ይረዱኛል ብሎ ነው። በ1782 የ269 ጥንዶችን ዝርዝር አወጣ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እነዚያኑ ጥንዶች ደግሞ ሲለካ አንዳንዶቹ ዞረው አገኛቸው። በ1803 ይህንኑ አስታወቀ፤ ካስቶር የተባለው ጥንድ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። ርቀትን ፈልጎ ወጥቶ ዝምድናን ይዞ ተመለሰ። በ1827 ፈረንሳዊው ፌሊክስ ሳቫሪ የአንድን ጥንድ ምህዋር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰላ። ይህ ሁሉ የተገኘው በአንድ ውብ ምስል አልነበረም። ቀኑና መለኪያው በተጻፈባቸው ብዙ ተራ መዝገቦች ነው።

የዛሬው አማተርም ከዚህ መዝገብ ውስጥ ድርሻ አለው። ከምስሉ ላይ የሁለቱን ከዋክብት ርቀትና አቅጣጫ ለክቶ፣ ቀኑን ጽፎ ቢያቀርብ፣ ከ150000 የሚበልጡ ጥንዶች በተመዘገቡበት በዋሽንግተኑ የጥንድ ከዋክብት መዝገብ ውስጥ ሊገባለት ይችላል። ካስቶር አንድ ዙር ለመጨረስ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የሚዛር ሁለቱ ዋና ዋና አካላት ደግሞ ሺሕ ዓመታትን ይፈልጋሉ። ሰውዬው በዚያ ረዥም ክብ ላይ የሚያኖራት አንዲት ነጥብ ናት። ክቡን ሲገጥም አያየውም። ነጥቧን በሐሰት ቢያኖራት በእርሱ ዘመን ማንም ላይነቅፈው ይችላል። የሚጎዳው ገና ያልተወለደው፣ በዚያች ነጥብ ላይ ተማምኖ ስሌት የሚሠራው ሰው ነው።

የምርጫ ሥነ ምግባር ክብደቱ እዚህ ላይ ይታያል። የዛሬውን ሕይወት በልብ ወለድ፣ በመድረክ፣ በሥዕል ወይም በዘገባ የምናቀርብ ሰዎች መምረጣችን የማይቀር ነው፤ በመምረጣችንም ልናፍር አይገባም። ነገር ግን መለኪያችን ከምኞታችን ነጻ ይሁን። የሚለዋወጠው የማን እንደሆነ ሳናውቅ አንጣል። ራሳችንን አዙረን እንመልከት። ለደብዛዛው ጊዜ እንስጠው። የጣልነውንም ለይግባኝ እናስቀምጥ። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ዘመናችንን የሚያሰላው በእነዚህ ነጥቦች ነውና፣ ያየነውን ከእነቀኑና ከእነወሰኑ ጽፈን ልናስረክበው ይገባል።